አራት ጣት

ሬሳውን ከሆስፒታል ሊወስድ የመጣው የሟቹ ትልቅ መኪና የሚቆመው በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተነፋ ትራስ ላይ ነበር። የኋላዎቹ ትራሶች አየር ማፍሰስ ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል፤ ምትካቸው ከኦክላንድ ወደ ቶንጋ በሚመጣው መርከብ ላይ ነበር። መካኒኩ ሴሚሲ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ተንበርክኮ በኋላ ጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እጁን አስገባ። ክፍተቱ አራት ጣት ነበር።

«እቴቴ፣ ስሚኝማ» አላት የወንድሙን ሚስት። «ክብደት ሲያርፍባት ጎማው ላይ ነው የምትቀመጠው። የጭነት መኪና እንጥራ።»

«በራሱ መኪና ነው የሚሄደው» አለች፣ እንደ ቶንጋ ወግ ለሐዘን ወገቧ ላይ የታጠቀችውን የሰሌን ምንጣፍ እያጠበቀች። «ስንት እሁድ እዚሁ ኋላዋ ላይ ተቀምጦ ሐብሐብ ሲበላ ተሸክማው የለ?»

ሴሚሲ ሳያስበው ፈገግ አለ። ወንድሙ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ላይ ዘፍ ሲል መኪናዋ አብራው ቁጭ ትል ነበር፤ ሚስቱም «ተነስ አንተ ዓሣ ነባሪ፣ ገደልካት እኮ!» እያለች በፎጣ ታባርረው ነበር።

ስድስት ሰዎች ሳጥኑን ገፍተው አስገቡት። ሁሉም የመኪናዋን መውረድ ጠበቁ። ሴሚሲ እጁን መልሶ አስገባና እዚያው ቆየ።

«ምነው? ወረደች?»

እጁን አውጥቶ ፈቀቅ ሲልላት አጠገቡ ተንበርክካ የራሷን ጣቶች አስገባች። ስምንት ወር ሙሉ በሽታ ሲያከሳው አልጋው ላይ እያገላበጠች ገላውን ስታጥበው አንድም ቀን አላለቀሰችም። አሁን ሳጥኑ ገብቶም ክፍተቱን ያው አራት ጣት ሆኖ ስታገኘው ግን፣ ግንባሯን ጎማው ላይ ደፋች።