አልገለበጥ ያለው የራስ ቁር

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሜ ሙጫ ቀባኋቸውና በልብስ መቆንጠጫ ያዝኳቸው። መቶ እስክቆጥር ጠበቅኩ። ስድስቱም ተያያዙ። ጠረጴዛው ላይ የራስ ቁር የሚመስል ነገር ጉብ አለ፤ እኔም እንደ ሙሽራ እናት ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ዕቃው የመጣው በካርቶን ነው። ሳሳ ያሉ ስድስት የፕላስቲክ ቁራጮች፣ አንድ የፊት መከለያ፣ አንድ ቱቦ ሙጫ፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ። ቁራጮቹ ባንድ ፊታቸው እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ፤ በሌላው አመድማ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ፕላስቲክ ገጣጥሜ አላውቅም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ባለ ስድስት ቁራጭ ኮፍያማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰፋው! መመሪያውን አንዴ ገረፍ አድርጌ አየሁትና ወደ ጎን ገፋሁት።

የምሠራው ለባሌ ልጅ ነው። እናቷ በሞተች በሦስተኛው ዓመት አባቷን አገባሁ፤ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አብረን ስንኖር አራት ዓመታችን። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የኔም ችግር እሱ ነው። ፍሪጅ ለመክፈት ታስፈቅደኛለች። የበላችበትን ሳህን ወዲያው ተነስታ ታጥባለች። ትኩሳት ይዟት ስትንቀጠቀጥ እንኳ «ደህና ነኝ እትዬ» ነው መልሷ። ባሌ ሹፌር ነው፤ ከመንገድ በመጣ ቁጥር «ይቺን የመሰለች ጨዋ ልጅ!» ይላል። እሱ ምን አለበት? አራት ዓመት ሙሉ እንግዳ ማስተናገድ እንዴት እንደሚያደክም የማውቀው እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ አልቅሼም አውቃለሁ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርቶኑን ታቅፋ ስፌት ማሽኑ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ ከነገ ወዲያ ቴአትር አለን። የንጉሡ ዘበኛ ነኝ። እጅዎ ጥሩ ስለሆነ... ካልተመቸዎት ግን ግድ የለም።»

«አምጪ እንጂ!» አልኳት። ነጠቅኳት ማለት ይቀላል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ስትለምነኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ካሳመርኩላት ነገም ሌላ ትጠይቀኛለች፤ ካበላሸሁባት ደግሞ አውቃታለሁ፣ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም።

መቆንጠጫዎቹን ነቃቅዬ ቁሩን አነሳሁት። አመድማው በውጭ፣ የሚያብለጨልጨው በውስጥ ሆኗል፤ የተጣበቀው ጠርዝም እንደ አውራ ዶሮ ጉትዬ ቆሟል። ደግ ነው። ኮፍያም ሲሰፋ እንዲሁ ነው፦ ፊቱን ከፊቱ ገጥመህ በጀርባው ትሰፋለህ፣ ከዚያ ትገለብጠዋለህ። መገልበጡ ብቻ ነው የቀረኝ። አናቱን በሁለት አውራ ጣቴ ተጫንኩት።

እምቢ አለ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ገፋሁት። አሁንም እምቢ።

ያኔ ክው አልኩ። ፕላስቲክ ይገለበጣል እንዴ? ጨርቅ መሰለሽ? እጄ በለመደው ሄዷል፣ ጭንቅላቴን ያማከረው የለም። አፈር በበላሁ! መመሪያውን አንስቼ ባየው፣ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ የሚያብለጨልጨው ፊት በውጭ ሆኖ ተስሏል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይገባዋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሏል ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ጨርቅ አልታዘዝ ሲለኝ የምሮጠው ወደ ካውያ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ያለሰልሰው ይሆናል ብዬ የጋለውን ካውያ ጠጋ አደረግኩለት። ለስለስ ያለ መስሎኝ ገፋ ሳደርገው ቀጭ አለና ከአናቱ እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ።

በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁሩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«እንደ ኮፍያ ልገለብጠው ብዬ ነው» አልኳት። «አበላሸሁብሽ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው። ጣቷን ስንጥቁ ላይ አሳለፈች።

«ግድ የለም፣ እትዬ» አለች በዚያች በማውቃት ቀጭን ድምፅ። «ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ።»

አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ቁሩን እንደያዘች ወደ ክፍሏ አመራች፤ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ግን ቆመች። ስትዞር ፊቷ ቀልቷል።

«ሰው መጀመሪያ ሥዕሉን አያይም እንዴ?» አለች። «ሥዕል እኮ አለው! ሕፃን ልጅ እንኳ ያየዋል! ነገ በባዶ ጭንቅላቴ ልቆም ነው? ጓደኞቼ ሁሉ ሊስቁብኝ ነው? ካውያ! ፕላስቲክ በካውያ!»

ይሄን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ቁሩን ሶፋው ላይ ወርውራ ክፍሏ ገባችና በሩን ድርግም አደረገችው። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ በሩን! ልትሰብሪው ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አንድም ቀን ተቆጥቻት አላውቅም።

«ይሰበር!» አለች ከውስጥ።

ይሰበር አለች። እንግዳ የሰው በር ይሰበር ይላል? ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታውን የምደብቅበት ጠፋኝና በሻርፔ አፌን ያዝኩ።

በሩ ደህና አልገጠመላትም መሰለኝ፣ መልሳ ከፈተችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ አንዴ አፈጠጠችብኝና፣ ከመጀመሪያው አብልጣ በሩን ድርግም አደረገችው።