ድምፅ የሌለው ፓምፕ

የሰፈሩ አሮጌ የውሃ ፓምፕ መብራት ይጨርስ፣ በየጊዜውም ይቃጠል ነበር። መሐንዲሷ ተሟግታ ያስገዛችው አዲሱ ፓምፕ የመብራቱን ወጪ በግማሽ ቀነሰው፤ ድምፁም አይሰማም። ዳገት ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ግን ውሃ አጣ። ምክንያቱን ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር፣ ሰው በሌለበት ግቢ ሁሉ ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ሜዳ ለሜዳ ይፈሳል።

«እባካችሁ ዝጉ፤ ውሃው ጤና ጣቢያ ያሉት ወላዶች ጋ መድረስ አልቻለም እኮ» አለች።

«ታዲያ የውሃ ፈረቃችን መድረሱን በምን እንወቅ?» አለቻት አንዲት ባልቴት። «ድሮ ፓምፑ ሲያጓራ ሰምተን ጀሪካን ይዘን እንሮጥ ነበር። ያንቺዋ ሙሽራ ትንፍሽ አትል!»

ቤቷ ስትደርስ የእሷም ቧንቧ ተከፍቶ፣ ሥሩ ባዶ ባልዲ ተቀምጧል። ዘጋችው።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ እናቷ። «ሳንሰማው መጥቶ ካለፈን እስከ ሳምንት ምን ልንጠጣ ነው?»

መሐንዲሷ ቧንቧውን መልሳ ከፈተችው።