ማን ብዬ ልጥራሽ?

ነርሷ አውቶቡስ ተራው ጥግ ከምታድረው ሴት ዘንድ ክረምቱን ሙሉ ስትመላለስ ከረመች። የምትወጋት የአእምሮ ሕመም መርፌ ሠራ፤ ሴትየዋ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር፣ ለብቻዋ መለፍለፏም ቀረ። ስሟን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

«ባክሽ እህቴ፣ ማን ብዬ ልጥራሽ?»

አንድ ቀን ሴትየዋ የነርሷን እጅ ያዝ አደረገችና፣ «ትርንጎ በይኝ፤ የደጀኗ ትርንጎ» አለቻት።

ነርሷ ልታስደስታት ብላ ሳትነግራት ደጀን ደዋውላ ዘመድ አፈላለገች።

በሳምንቱ የትርንጎ ባል ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። «እድሜ ይስጥሽ ሲስተር!» ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ክንዷን ጨመደደና ፈገግ እንዳለ፣ «ሩጫው ደከመሽ አይደል?» አላት።

ትርንጎ እንደቆመች ሽንቷ አመለጣት። ወደ ነርሷ ዞረች።

«እስከዛሬ ስሜን የደበቅሁሽ ረስቼው መስሎሽ ነበር?»