እምቢ ያለ በረንዳ

ከቤቱ ጀርባ ያለው የሲሚንቶ በረንዳ ቀትር ላይ በባዶ እግር አይረገጥም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ረመጥ ይሆናል፤ ሲመሽም ያጠራቀመውን ሙቀት መልሶ ወደ ቤት ይተነፍሳል። ፊቱ ተሰነጣጥቋል። ጥጋጥጉ እየተቆረሰ አሸዋ ሆኗል።

ይታደስ ያለችው ሚስትየው ነች። ግንበኛ ፈልጋ ያመጣችውም እሷው ነች። ባልየው ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ዓይኑ ስለደከመ ሥራ ያቆመ ሰው ነው፤ ሰፈሩ እስካሁን "ሹፌሩ" ይለዋል። ያን ሰሞን ከአልጋው አይወርድም፣ ለምንም ነገር ግድ አልነበረውም። ምን ይሻላል ስትለው ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር "እንደፈለግሽ" አላት።

ግንበኛው ቁጥብ ሰው ነው። በሰፈሩ እጁ ያላረፈበት ቤት የለም፣ በሥራውም ታምቶ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ በረንዳውን በመዳፉ ዳሰሰ።

"ሴራሚክ ያምራል፣ እትዬ፤ ግን ውሃ ሲነካው ሰው ይጥላል። ጠቆር ያለ ከሆነማ ሙቀቱ ከዚህም ይብሳል። ነጣ ያለ ቀለም ፀሐዩን ይመልሳል፤ ዕድሜው ነው አጭር። ስስ ሊሾ ከላዩ ማልበስም ይቻላል፤ ፀሐዩ ቶሎ እንዳያደርቀው ግን ውሃ ሳይሰለቹ ማጠጣት ነው። አለዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር።"

"በቀለሙ እንጀምር" አለች።

ቀለሙ ተቀባ፤ አማረ። ብዙም ሳይቆይ ከበሩ ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፍፎ ተገኘ።

"ተነሥና ጉዳችንን እይ" አለችው ሚስትየው መኝታ ቤት ገብታ።

ሹፌሩ እየተነጫነጨ ወጣ። ቁጢጥ ብሎ የቀረውን በጥፍሩ ሞከረው።

"አቧራውን ሳይጠርግ ነው የቀባው። ጥሪልኝ።"

ግንበኛው መጣ። የተገፈፈውን አየ፣ ሚስትየዋን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

"እደግመዋለሁ፣ ጋሼ።"

"አትድገመው። ሊሾ አልብሰው።"

ሊሾው ሲለበስ ሹፌሩ ወንበር አውጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ውሃ አበዛህ ይላል። አሸዋው አፈር አለበት ይላል። ግንበኛው ማለስለሱን ይቀጥላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ሹፌሩ ራሱ ማለዳ እየተነሣ ውሃ አጠጣው፣ እርጥብ ጆንያም አለበሰው፤ ልጆቹን እንኳ እንዲህ ሸፋፍኖ አስተኝቶ አያውቅም። ጆንያውን በገለጠ ማግሥት አንዱ ጥግ መዳፍ የሚያህል ተላቆ ጠበቀው።

ያን ቀን ምሳውን አልበላም። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ ከሻጩ ጋር ስለ ሲሚንቶ ተከራከረ። ሲመለስ በየደጁ እየቆመ ላገኘው ሁሉ ግንበኛውን አማ።

"ሆን ብሎ ነው" አለ ራት ላይ። "ሥራ እንዳይቋረጥበት ተደብቆ እየመጣ ያበላሸዋል። ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"የተጀመረ ሥራ መሐል ማን ይገባልሃል?" አለች ሚስትየው ሳህኑን እያነሣች።

"ማን ጠበቃው አደረገሽ? ዘመድሽ ነው?"

"በአዳም በኩል።"

ሹፌሩ አልሳቀም። ድንጋይ ይደርደር ተባለ። ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ሸካራ፣ እግር የማያንሸራትት ነበር። ሹፌሩ እያንዳንዱን በተረከዙ እየመታ ተረከበ፤ ምንም እንከን አጣበት። በሦስተኛው ጠዋት መሐል ላይ ያለው ድንጋይ ሲረግጡት እንደ ጥርስ ተነቃነቀ።

ግንበኛው ሲጠራ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ነበር።

"እጅህ ነው የሰነፈው ወይስ ልብህ ነው የከፋው?" አለው ሹፌሩ።

ግንበኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ምን ልበል፣ ጋሼ።"

"ምንም አትበል። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይህ።"

ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ፣ ጎረቤት እያየው ወጣ። አጥሩን ሊያሠራው ተስማምቶ የነበረ አንድ ጎረቤት እዚያው ሐሳቡን ለወጠ።

ሹፌሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ራሱ ገባበት። ድንጋዩን አንሥቶ አሮጌውን ወለል ፈገፈገ፤ ሲሚንቶው እንዲይዝለት ወቀረው፣ አጠበው። ፀሐዩን እንዲመልስለት ነጭ አሸዋ አስመጣ። ወገቡን እየያዘ፣ ዓይኑን እያጨናበሰ፣ በፀሐዩም በሲሚንቶውም በግንበኛውም ላይ እያጉረመረመ አዲስ ሊሾ አለበሰ፤ እንዳያንሸራትትም ሳይደርቅ በመጥረጊያ አሻከረው። ድሮ አብረውት የነዱ ጓደኞቹ ወሬውን ሰምተው መጡና እያሾፉበት ውሃ አቀበሉት። ከእነሱ ጋር መጨቃጨቁን ወደደው። ጥላ ሳይኖር ዋጋ የለውም ብሎም ሐረግ የሚወጣበት የእንጨት ዳስ አሰበ።

ሳምንት አለፈ፤ ሊሾው አልተነቃነቀም። ሌላም ሳምንት አለፈ። አንድ ቀትር ላይ ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ ከዳር እዳር ተራመደበት።

"አየሽ?" አለ ሚስቱን። "እሱ ከወጣ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ሰውየውን በከንቱ አልጠረጠርኩትም።"

"እውነትህን ነው" አለች።

በማግሥቱ ሹፌሩ ለዳሱ እንጨት ሊመርጥ በማለዳ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ሚስትየው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንበኛው የቀን ሥራ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። ሲያያት ከመሰላሉ ወረደ።

"መሮህን እንካ" አለችው፤ "ከአልጋው ተነሥቶልኛል፣ ከእንግዲህ የምፈነቅለው የለኝም።"