በበዓሉ ቀን የተደፈነው ቀዳዳ

በመላው ቼናይ እንደ ሰልቫም ያለ ሰነፍ አልተወለደም። ሰኞ ማዛጋት ከጀመረ አፉ የሚገጥመው ሐሙስ ነው።

ሥራው ግን ለሰነፍ የሚሰጥ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ የአርባ ሆስፒታሎችን የሕሙማን መዝገብ ይጠብቃል። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ኮንቴይነር በሚባል እሽግ ውስጥ ሲሆን፣ እሽጉ የሚቀዳበት ናሙና ኢሜጅ ይባላል። ኢሜጁ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ ይገኛል። ቀዳዳ በተሰማ ቁጥር መዝገቡን የሚሰርቁ ሌቦች በእሱ ለመግባት ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የገባውም ተከታይ እንዳይመጣበት ከኋላው ይደፍነዋል ይባላል። ሰልቫም ሁሉንም ቀድሞ፣ መጠገኛውን አክሎ ኢሜጁን እንደገና መሥራት አለበት።

ዓመቱን ሙሉ ሳይደፈን ያደረ ቀዳዳ አልነበረም። አለቃውን ማዳም ኮኪላን ሰላም የነሳቸውም ይኸው ነው።

«ይሄ ልጅ ሪፖርቱን ፈጥሮ ነው የሚጽፈው!» አሉ፣ ከሰልቫም አጠገብ ለምትቀመጠው ለታሚላራሲ። «የያዝኩት ቀን ከሥራ አባርረዋለሁ።»

«ኧረ ማዳም፣ እሱ ለመዋሸትም ይሰንፋል» አለች እየሳቀች።

የአዩዳ ፑጃ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን የሥራ ዕቃ ሁሉ ተከብሮ ያርፋል። ኮምፒውተሮቹ የሰንደል ቅባትና ቀይ ዱቄት ተቀብተው፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው እንደ ሙሽራ ተደረደሩ። መንካት ነውር ነው። ክፉ ቀዳዳ መገኘቱ የተሰማውም በዚያው ጠዋት ነበር።

ማዳም እጃቸውን አፋተጉ። አሁን ተያዘ!

በማግስቱ ሪፖርቱን ወዲያ ጥለው ኢሜጁን ራሳቸው መረመሩት። ቀዳዳው በትክክል ተደፍኗል። ሰዓቱም ተመዝግቧል፤ በበዓሉ ቀን፣ ረፋድ አምስት ሰዓት።

«ሰልቫም! በፑጃ ቀን ማሽን ነክተሃል?»

ሰልቫም ሁለቱን አመዛዘነ። ነካሁ ቢል ነውር፣ አልነካሁም ቢል ሥራው መቅረቱ ነው።

«ነክቻለሁ፣ ማዳም። ሕሙማኑ አሳዘኑኝ።»

ማዳም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ ደግሞ ስጠረጥርህ ኖሬ! ይቅር በለኝ።» እዚያው የክፍል ኃላፊ አደረጉት፤ ዝሆን የሚያጠግብ ላዱም አሸከሙት።

ሰልቫም ጣፋጩን ይዞ ወደ ታሚላራሲ በረረ።

«አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ያንቺን ኃጢአት ዛሬ እኔ ተሸከምኩልሽ። ዓመቱን ሙሉ ሥራዬን ስትሠሪልኝ መቼ አመሰገንኩሽ? በይ፣ እንቺ ብዪ።»

ታሚላራሲ ላዱውን ከአፏ መለሰችው። «እኔ? ከአንተ በቀር የይለፍ ቃሉን ማን ያውቀዋል? ያለ እሱ መግቢያው ቀዳዳው ብቻ ነው።»