ደብረ ብርሃን የተቀመጠችው መኪና

የአዲስ አበባ ፓርኪንግና ጋራዥ ደመወዙን ሲጨርሱበት፣ ሰውዬው ነጭ ቪትዙን ሁሉም ነገር ርካሽ ወደሆነበት ደብረ ብርሃን ወሰዳት። ግቢ ተከራየላት፤ ዘበኛ ቀጠረላት። እሱ በታክሲ እየተጋፋ ሥራ ይገባል፤ እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ሄዶ ይጠይቃታል፣ አጥቧት ሞተሯን አስነስቶ ይመለሳል።

“ሰው ውሽማ ያስቀምጣል፤ አንተ መኪና!” ትለዋለች ሚስቱ።

“ሂሳብ አይገባሽም፤ በግማሽ ዋጋ ባለመኪና ነኝ።”

አንድ እሁድ ስለረፈደበት መናኸሪያ የሚያደርሰው ታክሲ በስልክ ጠራ። ነጭ ቪትዝ መጣችለት፤ ሰዓቱን እያየ ዘሎ ገባ።

“ከመናኸሪያ ወዴት ነዎት፣ ጋሼ?” አለው ሹፌሩ።

“ደብረ ብርሃን።”

“ታዲያ አውቶቡስ ምን ያደርግልዎታል? እኔም ወደዚያው ነኝ። የዚች ባለቤት እሁድ እሁድ ሊጠይቃት ይመጣል፤ ሳይደርስ ግቢዋ አስገብቼ ለዘበኛው ማስረከብ አለብኝ።”