ደጋው ይሻልሻል

አዲሷ ነርስ ከደብረ ሲናና ከጀውሃ አንዱን ለሥራ ቦታዋ እንድትመርጥ ተፈቅዶላት ነበር። እናቷ ግን "ደጋው ይሻልሻል፤ ጀውሃ ወባ አለ" ስትላት ሰነበተች። ዛሬም ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት በለየችው ፊደል "ደብረ ሲና" የሚለውን ታፔላ ራሷ አንብባ አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዛላት ልትጠራት ወረደች። ልጅቷ ግን ከጀውሃ በመጣች ነፍሰ ጡር ፊት በርከክ ብላ፣ ያበጠ እግሯን በጣቷ ጫን እያደረገች ታይ ነበር።

"እዚያው ክሊኒክ ለምን አልታየሽም፣ እታለም?"

"እዚያ ያለው ነርስ ወንድ ነው። ወላሂ፣ ለወንድ ከምገለጥ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል።"

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናትየዋ ስለ ወባው ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እነዚያ ጣቶች እንግዳዋን ሴት እንደ እህት ይዘዋት ስታይ ግን፣ ይህች ከእኔ የወጣች ናት ወይ ብላ ተደነቀች። የአውቶቡሱ ረዳት "እማማ፣ ልንነሣ ነው" አላት።

"ሂዱ" አለችው። "ልጄ ጀውሃ ነው የምትሠራው።"